የት ላይ ሳቃችሁ?

መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰን ሰው “እንዴት ነው?” ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መልሱ ከሦስት አያልፍም። “አሪፍ ነው”፣ “ምንም አይልም”፣ “ቀሽም ነው።” በቃ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጥ ያደረ ሰው ፍርዱን በሁለት ቃል ሰጥቶ ማኪያቶውን ያማስላል።

መጽሐፉ ቀልደኛ ከሆነ፣ በዚያ ላይ የፍቅር ታሪክ ከሆነ፣ ይባስ ብሎ ደግሞ በጫካ ውስጥ የሚርመሰመሱ ክንፋም ፍጥረቶች ያሉበት ከሆነ መልሱ ላይ ይቅርታ ይጨመርበታል። “ያው ለጊዜ ማሳለፊያ ነው ያነበብኩት።” “የልጆች ነገር ነው፤ ግን…” ይላችኋል። ከ“ግን” በኋላ ያለውን አይጨርሰውም። ሌሊት ብቻውን ሲንከተከት ማደሩን የምትነግራችሁ ሚስቱ ናት።

ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። አሳዛኝ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም “አልቅሼ አልቅሼ ሞትኩልህ” ብሎ በኩራት ነው የሚያወራው። እንባ የቁም ነገር ምልክት ሆኖ ሳቅ የቂልነት ማስረጃ የሆነው መቼ እንደሆነ እንጃ። “የሳቀ ሁሉ ወዳጅ አይደለም” እያልን ስላደግን ይሆን?

ለማንኛውም እኔ ጥያቄውን ከቀየርኩት ቆየሁ። “እንዴት ነው?” አልልም። “የት ላይ ሳቅህ?” ነው የምለው። አስከትዬም “የት ላይ ሳቅህን አቆምክ?” እላለሁ። ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ የፈለሰፍኳት እኔ አይደለሁም። ያስተማሩኝ አክስቴ ናቸው። ወደ እሳቸው እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን የጉዳችንን መነሻ ላውጋችሁ።

ሼክስፒርን የምናውቀው በደምና በእንባ ነው። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን በአማርኛ አቆሙልን። ከዚያ በፊት ክቡር ከበደ ሚካኤል ሮሚዎና ዡልየትን አምጥተውልናል። ከእነዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ ሬሳ ይቆጠራል። ይኸው ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1595 ወይም በ1596 ገደማ ማንም የማይሞትበት፣ ሰው ከአህያ ጋር ፍቅር የሚይዘው አንድ የሳቅ ቴአትር ጽፏል። ርዕሱ ወደ እኛ ሲመለስ ራሱ ያስቃል። “የበጋ እኩለ ሌሊት ሕልም” እንዳንለው ነገሩ የሰኔ ሌሊት ነው፤ የእነሱ በጋ ሲሞቅ የእኛ ሰማይ ያጉረመርማል። “የክረምት ሌሊት ሕልም” ብንለው ደግሞ ፍቅረኞቹ ጫካ ውስጥ መሬት ላይ ተኝተው ስለሚያድሩ ማን ያምነናል? ጭቃው የት ሄደ?

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በአቴና ከተማ ኸርሚያ የምትባል ልጅ ላይሳንደር የሚባል ወጣት ትወዳለች። አባቷ ደግሞ “የምትድሪው ለዲሜትሪየስ ነው” ይላታል። እንቢ አለች። አባትየው ከመስፍኑ ፊት አቅርቦ ከሰሳት። የአገሩ ሕግ አባቷ የመረጠላትን ካላገባች በሞት ትቀጣለች ይላል፤ መስፍኑ አንድ ሌላ ምርጫ ጨመሩላት፤ ዕድሜ ልኳን ገዳም መግባት። ልጅቷ ከወዳጇ ጋር በሌሊት ወደ ጫካ ጠፋች። ዲሜትሪየስ ተከተላት። ዲሜትሪየስን ደግሞ የቀድሞ ወዳጁ ሄለና ተከተለችው። አራት ወጣት፣ አንድ ጫካ።

ጫካው ግን ባለቤት አለው። ኦቤሮን የሚባል የማይታዩ ፍጥረቶች ንጉሥ ከሚስቱ ከታይታኒያ ጋር ተጣልቷል። የጠቡ መነሻ አንድ ሕፃን ልጅ ነው። ኦቤሮን ልጁን ለአጃቢነት ፈለገው፤ እሷ አልሰጥም አለች። ንጉሡም ፐክ የሚባል ተንኮለኛ አሽከሩን ልኮ አንድ አበባ አስመጣ። የአበባው ጭማቂ የተኛ ሰው ዓይን ላይ ጠብ ሲል ሰውየው ነቅቶ መጀመሪያ ባየው ፍጥረት ፍቅር ያብዳል። እኛ በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ መስተፋቅር!

መስተፋቅሩ ታይታኒያ ዓይን ላይ ጠብ አለ። ስትነቃ ያየችው ቦተም የሚባለውን ሸማኔ ነው፤ ፐክ ደግሞ ቀደም ብሎ ጭንቅላቱን የአህያ አድርጎታል። ንግሥቲቱ አህያውን አቅፋ ጆሮውን ታሻሻለች፣ አበባ ትጎነጉንለታለች። ፐክ ተሳስቶ ከላይሳንደር ዓይን ላይም ጠብ አደረገ። ያ “ካላንቺ” ሲል የነበረው ጎረምሳ ኸርሚያን ጥሎ ሄለና ላይ ሙጭጭ አለ። ዲሜትሪየስም ተቀባ። ሁለቱም ሄለናን ከበቡ። ሄለና የምትቀለድባት መሰላት። ሁለቱ ልጆች ፀጉር ለፀጉር ሊያያዙ ደረሱ። ሲነጋ ላይሳንደር መድኃኒቱ ተነሣለት፤ ታይታኒያም ተነሣላት፤ ዲሜትሪየስ ግን እንደ ተቀባ ቀረ። ሦስት ሰርግ ተደገሰ። ተረቱም አለቀ።

እንግዲህ ይህን ተረት አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያነበውና ሲያየው ኖሯል፤ አስተያየትም ሲሰጥበት ኖሯል። እኔን ከቴአትሩ ያላነሰ የሚያዝናናኝ አስተያየቱ ነው።

ሳሙኤል ፔፕስ የሚባለውን የለንደን ሰው ውሰዱ። በባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ውሎውን በማስታወሻ ደብተር የሚጽፍ ሰው ነበር። ወይን ላለመጠጣትና ቴአትር ላለማየት ምሎ ነበር። የመሐላው ጊዜ ያበቃው እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 1662 ነው። በዚያኑ ዕለት ሄዶ ያየው ይህንን ቴአትር ሆነ። ጾም ሲፈታ የቀረበለት ወጥ አልጥም ያለው ሰው ሆነና ደብተሩ ላይ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ለዛ ቢስና አስቂኝ ነገር እንዳላየ፣ ዳግመኛም እንደማያየው ጻፈ። አንድ ነገር ግን አልደበቀም። ጭፈራው ጥሩ ነበር፤ ቆነጃጅትም ነበሩ። ደስታው በሙሉ ያ ብቻ እንደነበረ በሐቅ መዘገበ። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ቴአትሩን አልወደደውም፤ ግን ዓይኑ የት እንደነበረ አልዋሸም።

ዊልያም ሃዝሊት የተባለው ሐያሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1816 መድረክ ላይ አይቶት ተናደደ። ሲነበብ ነፍስ የሚያለመልም ነገር መድረክ ላይ ሲወጣ ይሞታል ባይ ነው። የማይታይ ትንሽ ፍጥረት አለ ቢባል ያምናል፤ ቁመቱ ስድስት ጫማ የሆነ ሰውዬ “እኔ ነኝ ትንሹ ፍጥረት” ብሎ ፊቱ ሲቆም ግን እምቢ አለው። እውነቱን ነው። ሕልም በራስ ቅል ውስጥ ነው የሚያምረው።

ፌሊክስ ሜንደልሶን የሚባለው ጀርመናዊ አንባቢ አስተያየቱን በቃል አልሰጠም። ገና በ17 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1826፣ አንብቦት ሙዚቃ ጻፈለት። በ1842 ደግሞ ተጨማሪ ሙዚቃ ሠራለት። ከዚያ ውስጥ አንዷ የሰርግ ማርሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ1858 የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ስትዳር ተመታች፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የሰርግ ቤት ዜማ ሆና ቀረች። እዚህ አዲስ አበባም በኪቦርድ ስትመታ ሰምቻታለሁ። ሙሽሮቹ በዚያች ዜማ ሲገቡ በመስተፋቅር ለተጣመሩ ጥንዶች የተጻፈች መሆኗን የሚያውቅ አለመኖሩ ነው ደጉ ነገር።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ያን ኮት የሚባል ፖላንዳዊ ተነሣ። ጦርነትንና ወረራን በዓይኑ ያየ ትውልድ ሰው ነው። “ይህ ምኑ ነው የሚያስቀው?” አለ። እሱ ያየው ጨለማ ጫካ፣ ከእንስሳ ጋር የምታድር ሴት፣ ሌሊት እርስ በርሱ የተለዋወጠውን ፍቅር ሲነጋ ማስታወስ የሚያፍር ወጣት ነው።

አንድ መጽሐፍ፣ አራት ሰው። አንዱ ቆንጆ አየ፣ አንዱ ሕልም አየ፣ አንዱ ሰርግ ሰማ፣ አንዱ ቅዠት አየ። ማን ትክክል ነው? እኔ ከአክስቴ ጋር ቡና እስከጠጣሁባት ቀን ድረስ ሁሉም ትክክል ናቸው፣ የምርጫ ጉዳይ ነው እል ነበር።

ቀኑ የበዓል ማግሥት ነው። ቤቱ ሞልቷል። ቄጤማው አልደረቀም። ልጆቹ ተረት ንገረን አሉ፤ እኔም ይህን የጫካ ተረት ጀመርኩ። ገና ከመጀመሬ ተቸገርኩ። እነዚህን ፈረንጅ “ኤልፍ” እና “ፌሪ” የሚላቸውን ፍጥረቶች ምን ልበላቸው? “ጋኔን” ብል አክስቴ አማትበው ተረቱ እዚያው ላይ ያልቃል። “መላእክት” ማለት ድፍረት ነው። “ስውራን” ብዬ ሞከርኩ።

“ስውራንማ በየገዳሙ ያሉት አባቶች ናቸው፤ አትቀልድ!” አሉኝ አክስቴ።

“ታዲያ ዛር ልበላቸው እትዬ?”

ዝም ብለው አዩኝ። ዛር በአክስቴ ትውልድ ፊት እንደዋዛ የሚነሣ ስም አይደለም። ግን ራሳቸው ቆየት ብለው ያውን የድሮውን አፈ ታሪክ አነሡት። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት አሉ። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ቆንጆ ቆንጆዎቹን ዐሥራ አምስቱን ደበቀቻቸው። የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ ተባለ። ዛሮቹ የእነሱ ዘር ናቸው ይባላል። እኔ ደግሞ አይስላንድ በሚባለው የበረዶ አገር ያለውን ነገርኳቸው። በዚያም ሔዋን ልጆቿን ታጥባ ሳትጨርስ ፈጣሪ መጣባትና ያልታጠቡትን ደበቀቻቸው፤ “ከእኔ የተደበቀ ከሰውም ይደበቅ” ተባለ፤ የእነሱ “ስውር ሕዝብ”፣ ኤልፎቹ፣ የእነዚያ ልጆች ዘር ናቸው።

“እና የእኛዋ ሔዋን ቆንጆዎቹን ደበቀች፤ የእነሱዋ ያልታጠቡትን” አሉና ሳቁ። “እናት ያው ናት። አንዷ ዓይን ትፈራለች፣ አንዷ ሐሜት።”

በመጨረሻ “የጫካ ጉዶች” እንበላቸው ብለን ተስማማንና ቀጠልኩ። ልጆቹ አህያው ጋ ሲደርስ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ወንዶቹ ሁለቱ ጎረምሶች ሄለናን ሲከቧት ነው የፈነዱት። የአጎቴ ልጅ ከሣቁ የተነሣ ስኒ ደፋ። እኔም የተራኪ ሳቅ ሳቅሁ። ይህን ተረት ሃያ ዓመት ስስቅበት ኖሬያለሁ፤ የት የት ላይ እንደሚያስቅ በቃሌ ነው የማውቀው።

አክስቴ ግን አህያው ላይ ስቀው ሲያበቁ ጥያቄ አመጡ።

“ቆይ፣ ያ ያጣላቸው ሕፃን የማን ነው?”

“የታይታኒያ ወዳጅ የነበረች ሴት ልጅ ነው። ሴትየዋ በወሊድ ሞተችባት። ለእሷ ስትል ነው ልጁን የምታሳድገው።”

የቡናው ረከቦት ላይ የነበረው እጃቸው ቆመ።

“የሟች አደራ ነዋ!”

“አዎ፣ እንደዚያ ነው።”

“እና ባልየው መስተፋቅር አድርጎባት፣ ከአህያ ጋር አዋርዷት፣ እሷ እንደፈዘዘች የሟች አደራ ነጠቃት?”

“እ… አዎ።”

“ስትነቃስ መለሰላት?”

“አይ፣ አልመለሰም።”

“ምን አለች?”

አሰብኩ። በዚያ ቴአትር ታይታኒያ ከነቃች በኋላ ምን እንዳለች ማሰብ ነበረብኝ። እንዴት ከሰዎች መካከል ተኝታ እንደተገኘች እንዲነግራት ባሏን ትጠይቀዋለች። ልጁን ግን አታነሣውም። አንድ ቃል የለችም።

“ምንም አላለችም” አልኳቸው።

“ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው ልጄ?” አሉኝ። የቁጣ አልነበረም። ጠፍቶባቸው፣ እንዳሳያቸው ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

ቀጥለው ኸርሚያን አነሡ። “ያችስ፣ ሞት የተፈረደባት ልጅ በምን ዳነች?” አሉ። ጥሩ መልስ ያለኝ መሰለኝ። መስፍኑ የአባትየውን ክስ ውድቅ አደረጉት አልኳቸው። “ለምን? እንቢታዋን ሰምተው?” አሉኝ። ይኸው ነው እንግዲህ። እንቢታዋንማ ከመጀመሪያው ተናግራለች፤ በመስፍኑ ፊት፣ በአባቷ ፊት፣ ሳትፈራ። ያን ጊዜ ሕጉ አልላላም። የላላው ሲነጋ ዲሜትሪየስ “እኔ እኮ ሄለናን ነው የምፈልገው” ሲል ነው። ልጅቷ የዳነችው እሷ ስላልፈለገችው ሳይሆን እሱ ስላልፈለጋት ነው። ሃያ ዓመት ያነበብኩትን ነገር ቡና እያፈሉ አሳዩኝ።

ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩት። የሰርጉን ክፍል፣ አምስተኛውን ገቢር፣ አነበብኩ። ኸርሚያና ሄለና እዚያ የሰርግ ማዕድ ላይ አሉ። ወንዶቹ ሸማኔውና ጓደኞቹ የሚያሳዩትን ጨዋታ እያዩ ይቀልዳሉ፣ ይሳለቃሉ። ሁለቱ ሙሽሮች ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይናገሩም። ሌሊት ሙሉ ጫካውን በጩኸት የሞሉት ልጆች ሲዳሩ ድምፃቸው ጠፋ። የእኛም አገር ሙሽራ እንዲህ አንገቷን ደፍታ፣ ዝም ብላ ነበር የምትቀመጠው። “ጨዋ ናት” ይባልላታል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ካልተናገርኩ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለይስሙላ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ሰርግ ላይ ያያትን ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ተላከ። እኔ በዕድሜ የማልገባ ነበርኩ፤ የገባሁት በአፌ ነው። “እሱ ይጫወታል፣ አባትየውን ያላላልናል” ተብዬ ነው። ሁለት ጊዜ ሄደን “ዘመድ እናማክር” ተባልን። በሦስተኛው ቀልዱን ለቀቅኩት። አባትየው ኮስታራ ሰው ነበሩ፤ መጀመሪያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው፣ በመጨረሻ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ “በሉ ይሁን” አሉ። ልጅቷ በዚያች ሰዓት ቡና ይዛ ገባች። አንገቷን ደፍታ አቀረበች፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች። እኛም “አየህ፣ ደስ ብሏታል” ተባባልን። ማንም አልጠየቃትም። እንድትጠየቅም ያሰበ የለም።

ሕግ ስላልነበረ እንዳትሉኝ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ያንኑ አጽንቶ ለሴትም ለወንድም የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጎታል። ሕጉ ነበረ። ያልነበረው ጠያቂ ነው።

ተጋቡ። ወለዱ፣ ከበዱ። እንደ ብዙ ሰው ይኖራሉ፤ ክፉ ኑሮ ነው ልል አልችልም። ከዓመታት በኋላ አንድ የልጅ ምርቃት ላይ ተገናኘን። ሰው በተሰበሰበበት ትከሻዬን መታ አድርጋ “በቀልዱ ያስሸጠኝ ይኸውላችሁ!” አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷም ሳቀች መሰለኝ።

ይህን ሐሳብ ለአንድ አንባቢ ወዳጄ ስነግረው “አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ። ተረት እኮ ነው! ዲሜትሪየስም ቢሆን ቀድሞ የሄለና ወዳጅ ነበር፤ መድኃኒቱ ወደ ልቡ መለሰው እንጂ አልቀየረውም” አለኝ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ዲሜትሪየስ ራሱ ሲነቃ ታሞ እንደዳነ፣ የምግብ ፍላጎቱ እንደተመለሰለት ሰው አድርጎ ነው የሚናገረው። ነገር ግን መድኃኒቱ ዓይኑ ላይ ያለ ሰው “ድኛለሁ” ሲል ምስክርነቱን ማን ይቀበለዋል? ሄለናስ አጠገቡ ዕድሜዋን ስትኖር አንድ ቀን ሌሊት ነቅታ “ይህ የሚወደኝ ሰውዬ ነው ወይስ አበባው?” አትልም? መስተፋቅር ያስደረገ ሰው ቅጣቱ ይኸው ነው፤ የተወደደው እሱ ይሁን መድኃኒቱ መቼም አያውቅም። የሄለና ደግሞ የባሰ ነው፤ እሷ አላስደረገችም።

ወዳጄ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ተረትን ከፍርድ ቤት ማቆም አይገባም። ለሳቃችን ሁሉ ፈቃድ መጠየቅ ከጀመርን በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነገሩት ቀልዶች ስንቱ ሊተርፍ ነው? እኔም መጽሐፉን አልጣልኩትም። አህያው አሁንም ያስቀኛል። ከመሳቅ መታቀብ አዋቂነት አይመስለኝም፤ ሲስቁ ከማን ጎን ቆሞ እንደሆነ ማወቅ ግን ይመስለኛል። እኔ ሃያ ዓመት ከኦቤሮን ጎን ቆሜ፣ ከቅጠሉ ኋላ ተደብቄ ነበር የምስቀው። አክስቴ ገና በመጀመሪያው ቡና አልፈው ከሴትየዋ ጎን ተቀመጡ። ተረቱ ያው ነው፤ መቀመጫው ነው የተለየው። ፔፕስም ሃዝሊትም ፖላንዳዊውም የነገሩን ስለ መጽሐፉ ብቻ አልነበረም፤ የት ተቀምጠው እንዳዩትም ነው።

ለዚህ ነው “አሪፍ ነው” እና “ቀሽም ነው” የሚሉት ፍርዶች የማያጠግቡኝ። ተናጋሪውን ይደብቁታል። የት ላይ እንደሳቅህ ስትነግረኝ ግን መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን አንተንም አወቅኩህ። የት ላይ እንዳቆምክ ስትነግረኝ ደግሞ ምን እንደደረሰብህ፣ ምናልባትም ምን እንዳደረግህ አወቅኩ።

ባለፈው ሰሞን ስልኳን ከጓደኛዬ ተቀብዬ ደወልኩላት። ስለ ጫካው ጉዶች አልነገርኳትም፤ ያበደ እንዳልመስላት ብዬ። ዝም ብዬ “ያን ጊዜ፣ ሽማግሌ የመጣን ጊዜ፣ ብንጠይቅሽ ኖሮ ምን ትዪን ነበር?” አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች።

“እኔ እንጃ” አለች በመጨረሻ። “ማንም ስላልጠየቀኝ አስቤውም አላውቅ።”

ከዚያ ሳቅ አለችና ስለ ልጆቿ ታወራኝ ጀመር። የመጨረሻዋ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ወንድ ጓደኛ ይዛለች አሉ፤ አባቷ ገና አልሰማም። “ሲሰማ ሽማግሌ እልክብሃለሁ፣ ቀልድህን አዘጋጅ” አለችኝ።

“መጀመሪያ ልጅቷን እጠይቃታለሁ” አልኳት።

በዚህ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። እናንተስ፣ የት ላይ ሳቃችሁ?